ደብዳቤ ለልጄ፦ ስለ ጥንት መጻሕፍት፣ ስለ መንቃትና ስለ መትጋት

አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ፣

የእግዚአብሔር ሰላም ባለሽበት ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ለማክበር ሌሊት ወጥታ ገና አሁን መመለሷ ነው፤ በስምሽ ጧፍ ማብራቷን እንድነግርሽ አዝዛኛለች። እኔ ጉልበቴ ረጅም ሰዓት ስለማያስቆመኝ ቤት ቀርቼ፣ አምስት ቀን ሙሉ በልቤ ሳወጣና ሳወርድ የሰነበትሁትን ነገር በወረቀት ላሰፍረው ብዕር አንሥቻለሁ።

ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር፣ ከሥራ በኋላ ማታ ማታ ስለ መጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች የተጻፉ መጻሕፍት ማንበብ መጀመርሽን፣ በውስጥሽም እስከ ዛሬ ተኝቶ የኖረ አንድ ነገር የነቃ እንደመሰለሽ ነገርሽኝ። ቀጥለሽም ተሰውረው ስለኖሩ ወንጌሎች፣ ጳጳሳት በኒቅያ ተሰብስበው የትኛው መጽሐፍ እንዲቀበሉት የትኛውም እንዲጣል ድምፅ ሰጥተው ስለ መወሰናቸው፣ እውነተኛው መንቃትም ሰው ብቻውን ወደ ውስጡ ሲመለከት የሚገኝ እንጂ ከሥርዓትና ከማኅበር የሚመጣ ስላለመሆኑ ያነበብሽውን ዘረዘርሽልኝ። እኔም እስክትጨርሺ ሳልታገሥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናገርሁሽ፤ ሳልሰናበትሽም ስልኩን ዘጋሁት። በዚህ በጣም አዝኛለሁ፤ ልጁ ስለ እግዚአብሔር ስታነሣበት አንድ አባት ሊደሰት ይገባው ነበር፤ ለሠላሳ ዓመት በአስተማሪነት የኖረ ሰው ደግሞ ጥያቄን በቁጣ መመለስ ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ ከማንም በፊት ማወቅ ነበረበት። ይቅር በይኝ።

በዚያው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ተነሥቼ ያወጣሁት መጽሐፍ የሄርማን ነው። ሄርማ በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሮም የኖረ፣ በባርነት ተሸጦ በኋላ ነፃ የወጣ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ተራ ሰው ነበር። በራእዩ አንዲት አሮጊት መጽሐፍ ይዛ ትገለጥለታለች፤ በኋላ እንደሚረዳው እርሷ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ በተገለጠችለትም ቁጥር እየታደሰች እንደ ወጣት እየሆነች ትሄዳለች። የያዘችውን እንዲገለብጥ ስትሰጠው፣ ቃላቱን ከቃላት መለየት ስላቃተው ፊደል በፊደል ገለበጠው፤ ትርጉሙ የተገለጠለት ግን ዐሥራ አምስት ቀን ከጾመና እግዚአብሔርን አጥብቆ ከለመነ በኋላ ነው። ታዲያ ይህን ያህል የደከመበት ምሥጢር ምን ነበር? ስለ ሰማያት አፈጣጠር ወይም ስለ መላእክት ስም አልነበረም። ስለ ገዛ ቤቱ ነበር። ልጆቹን ከመውደዱ የተነሣ ሳይገሥጻቸው እንደቀረ፣ አሁን ደግሞ በበደሏቸው ነገሮች ቂም ይዞባቸው እንደሚኖር፣ ቂሙን ትቶ በትዕግሥት እንዲያስተምራቸው ተነገረው። ይህን ክፍል ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ የዚያን ሌሊት ግን ለሮማዊው ሄርማ የተነገረ መሆኑን ረስቼ፣ ለእኔ የተላከ መልእክት አድርጌ አነበብሁት።

ስለዚህ አሁን በዝግታ፣ አንቺ ያነሣሻቸውን ነገሮች ላንሣ። ስለ ኒቅያ ያነበብሽው ትክክል አይደለም፤ ይህን የምለው ቤተ ክርስቲያኔን ለመከላከል ብዬ ሳይሆን ነገሩ በጽሑፍ ያለ ስለሆነ ነው። በእኛ ሠለስቱ ምዕት የምንላቸው አባቶች በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰቡት በአርዮስ ትምህርት ምክንያት፣ ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነውን ወይስ ፍጡር ነው የሚለውን ለመወሰን ነው፤ የጉባኤው 20 ቀኖናዎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ፤ አንዳቸውም የቅዱሳት መጻሕፍትን ዝርዝር አይዙም። ዛሬ የምናውቃቸው የአዲስ ኪዳን 27 መጻሕፍት ሳይበዙ ሳይጎድሉ ተዘርዝረው የምናገኛቸው ከአርባ ዓመት በኋላ፣ የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 እ.ኤ.አ. ለትንሣኤ በዓል በላከው መልእክት ውስጥ ነው። እርሱም የዘረዘረው በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሲነበቡ የኖሩትን ነው። አንድን መጽሐፍ ቅዱስ የሚያሰኘው፣ ከብዙ ትውልድ በፊት ሰዎች በጉባኤ ሲያነብቡት፣ ሲጸልዩበት፣ ሲሞቱለትም መኖራቸው እንደነበር ቢገባሽ፣ የድምፅ ቆጠራው ታሪክ ምን ያህል ባዕድ እንደሆነ ይታይሻል።

የቶማስ ወንጌል የተባለውን እኔም አንብቤዋለሁ። በ1945 እ.ኤ.አ. በላይኛው ግብፅ በናግ ሐማዲ አጠገብ ገበሬዎች ካገኟቸው የቅብጥ ቋንቋ መጻሕፍት መካከል የነበረ፣ 114 ንግግሮችን የያዘ ጽሑፍ ነው። አንዳንዱ ንግግር ከማቴዎስና ከሉቃስ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ አንባቢን ደስ ያሰኛል፤ የሚፈልግ ሰው እስኪያገኝ ድረስ መፈለጉን እንዳይተው የሚመክረውን ቃል እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የጌታ ስቅለትና ትንሣኤ አይተረክበትም፤ ጴጥሮስ ክዶ ሲያለቅስ፣ ሴቶቹ በማለዳ ወደ መቃብር ሲሄዱ አናይበትም። ንግግር አለ፤ የወደቀና የተነሣ ሰው ግን የለም። እንዳታነብቢው አልከለክልሽም። አስቀድመሽ ማርቆስን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ መቀመጫ አንብበሽ፣ ከዚያ ቶማስን አንሥተሽ፣ ልዩነቱን በራስሽ ልብ እንድትመዝኚው ብቻ እለምንሻለሁ።

«የተሰወሩ መጻሕፍት» የሚለው አጠራር ራሱ ከየት ሆነን እንደምናነብብ የሚወሰን ነው። አውሮፓውያን ለብዙ መቶ ዓመታት መጽሐፈ ሄኖክ ጠፋ ብለው ሲያዝኑ፣ የእኛ ደብተራዎችና መነኮሳት በግዕዝ እየገለበጡ ያነብቡት ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ቅጂዎቹን ከኢትዮጵያ ይዞ የተመለሰው በ1773 እ.ኤ.አ. ነው፤ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ቁርጥራጮቹ ሲገኙም፣ ሙሉ ሆኖ ሊመሳከር የሚችለው ያው የግዕዙ ነበር። የሄርማ መጽሐፍ የግዕዝ ትርጉምም በ1860 እ.ኤ.አ. በላይፕዚግ ታትሞ ለምሁራን ደረሰ። ይህን የምጽፍልሽ ለትምክህት አይደለም፤ ለሌላው ዓለም ተሰወረ የተባለው፣ አያቶችሽ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ዓይናቸውን አፍዝዘው ያቆዩት መሆኑን እንድታውቂ ነው። ማንም አልደበቀብሽም፤ እኔ በጊዜው አውጥቼ ሳላሳይሽ ቀረሁ እንጂ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ መንቃት ልምጣ።

አንቺ ያለሽው ሚላን ነው፤ ስለ መንቃት ከተጻፉት የጥንት መጻሕፍት ሁሉ የሚበልጠው ታሪክ የተፈጸመው አንቺ በየቀኑ በምትመላለሺበት ከተማ ነው። አውግስጢኖስ በ354 እ.ኤ.አ. ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር በታጋስቴ ተወለደ፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የሮማዊውን የቂቄሮን መጽሐፍ አንብቦ ጥበብን መውደድ ያዘው፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ሲከፍታቸው ግን አነጋገራቸው ተራ መስሎት ናቃቸው፤ ዘጠኝ ዓመት ያህል ብርሃንና ጨለማ ይዋጋሉ የሚለውን የማኒን ትምህርት ተከተለ፤ በ384 እ.ኤ.አ. የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ሚላን ሲደርስ፣ ከብዙ ንባብ ብዛት የተነሣ ምንም ማመን ያቃተው ሰው ነበር። እዚያም ጳጳሱን አምብሮስዮስን ያገኘዋል። አምብሮስዮስ ብቻውን ሲያነብብ ዓይኖቹ በገጹ ላይ እየሄዱ ድምፁና ምላሱ ዝም ይሉ እንደነበር ሲጽፍ የሚሰማውን መደነቅ ተመልከቺ፤ በዚያን ዘመን ሰው ያነበበውን ለጆሮው ማሰማት ልማዱ ነበርና።

ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ በስምንተኛው ክፍል የሚተርከውን እስከ ዛሬ ያለ እንባ አላነበብሁትም። በ386 እ.ኤ.አ. በበጋው ወራት አንድ የአገሩ ሰው ሊጠይቀው ይመጣል፤ በጠረጴዛው ላይ የጳውሎስን መልእክቶች ያይና፣ ስለ ግብፃዊው መነኩሴ ስለ እንጦንስ ይነግረዋል፤ በትሪር ከተማ ሁለት የቤተ መንግሥት ባለሟሎች ሲንሸራሸሩ ከአንድ ጎጆ ገብተው የእንጦንስን ገድል ቢያገኙና ቢያነብቡ፣ እዚያው ሹመታቸውን እንደተዉም ያወራለታል። አውግስጢኖስ ይህን ሰምቶ ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር ወደ አትክልቱ ሥፍራ ይወጣል። ያን ጊዜ የ31 ዓመት ሰው ነው፤ በወጣትነቱ «ንጽሕናን ስጠኝ፤ ነገር ግን አሁን አይሁን» ብሎ ይጸልይ የነበረ ሰው፣ አሁን ሳይቆርጥ መኖርም፣ መቁረጥም አልሆንልህ ብሎት ከዛፍ ሥር ወድቆ ያለቅሳል። ከጎረቤት ቤት የሕፃን ድምፅ «አንሣና አንብብ፣ አንሣና አንብብ» እያለ ሲዘምር ይሰማል። ተመልሶም የጳውሎስን መጽሐፍ ገልጦ ዓይኑ መጀመሪያ ያረፈበትን ያነብባል፤ ቃሉም በሮሜ መልእክት በምዕራፍ 13 ከቁጥር 13 ጀምሮ ያለው፣ ከስካርና ከመዳራት ርቃችሁ ክርስቶስን ልበሱት የሚለው ነበር። መጽሐፉን ለአሊጲዮስ ቢሰጠው፣ አሊጲዮስም ቀጥሎ ያለውን አንብቦ ለራሱ ወሰደው።

እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ደግሞ አውግስጢኖስ ካነበበው ቃል ሁለት ቁጥር ብቻ ከፍ ብሎ ያለው ነው፤ «ከእንቅልፍ የምትነሡበት ሰዓት አሁን እንደ ደረሰ» የሚለው። አንቺ የነገርሽኝ መንቃት፣ እነሆ፣ በዚያው ገጽ ላይ ተጽፎ አለ።

ልጄ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ብቻውን የነቃ ሰው የትኛው ነው? ሮሜን የጻፈው ጳውሎስ አለ፤ የእንጦንስን ገድል የጻፈው አትናቴዎስ አለ፤ በትሪር ያነበቡት፣ በሚላን ያወሩለት፣ በአጠገቡ ተቀምጦ የጠበቀው ወዳጅ፣ ከአፍሪካ ድረስ ተከትላው መጥታ ያለቀሰችለት እናቱ ሞኒካ አሉ። ሞኒካ አንድን ጳጳስ ልጄን አነጋግርልኝ ብላ ስትነዘንዘው፣ የዚህ ሁሉ እንባ ልጅ ሊጠፋ አይችልም ብሎ እንዳሰናበታት አውግስጢኖስ ራሱ ጽፏል። ወደ ውስጡ መመልከቱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ከእርሱ በፊት የገዛ ልቡን እንዲህ የመረመረ ጸሐፊ አላውቅም። ሆኖም የተመለከተው ብዙ እጆች በያዙለት መብራት ነው። ከዚያ በኋላም ስሙን አስመዝግቦ፣ በዐቢይ ጾም ከንዑሰ ክርስቲያን ጋር ተምሮ፣ በ387 እ.ኤ.አ. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁና ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። አንድ ቅሬታዬን ግን ልደብቅሽ አልፈልግም፤ የልጁን እናት፣ ለብዙ ዓመታት አብራው የኖረችውን ሴት፣ ለማዕረጉ የሚስማማ ጋብቻ ስለታጨለት ወደ አፍሪካ መልሷት፣ ልቡ እንደ ቆሰለ ሲጽፍ ስሟን እንኳ አልጠራትም። ቅዱሳንን የምንወዳቸው ጥፋታቸውን ሳናይ መሆን የለበትም።

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሣ፤ በልጅነቴ የኔታ ዘንድ የቆጠርሁት ጥቂት ግዕዝ የጠቀመኝ እንዲህ ባለው ቦታ ነውና። በግዕዝ «ነቅሀ» ማለት ከእንቅልፍ ተነሣ ማለት ነው፤ «ተግሀ» ማለት ደግሞ ሳይተኛ ጠበቀ፣ ነቅቶ ቆየ ማለት ነው። መጽሐፈ ሄኖክ የማያንቀላፉትን መላእክት ትጉሃን የሚላቸው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ጌታም በጌቴሴማኒ ለደቀ መዛሙርቱ ያላቸው «ትጉና ጸልዩ» ነው። ዛሬ በአማርኛ ትጋት ስንል የሥራ ብርታት ብቻ ስለምናስብ፣ ሌሊቱን በዓይን መጠበቅ መሆኑ ተረስቶናል። አንቺ የምታነብቢያቸው አዲሶቹ መጻሕፍት ስለ መንቃት ብዙ ይናገራሉ፤ በዚህ አልነቅፋቸውም፤ ስለ መትጋት ግን የሚናገሩት ነገር ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል። ጌታ ሦስት ጊዜ ወደ ሐዋርያቱ ሲመለስ ሦስቱንም ጊዜ ተኝተው ተገኝተዋል። አውግስጢኖስም ጳጳስ ከሆነ በኋላ፣ ከአትክልቱ ሥፍራ ዐሥር ዓመት ያህል አልፎ በጻፈው በዚያው መጽሐፍ በዐሥረኛው ክፍል፣ በሕልሙ፣ በምግብ፣ በመመስገን ፍቅር ገና እየተፈተነ እንዳለ አንድ በአንድ ይናዘዛል። «እጅግ ዘግይቼ ወደድሁህ» የሚለው ቃሉም የሚገኘው እዚያው ነው፤ ከትግሉ መካከል።

እንጦንስንም እንዲሁ አንብቢው። ወላጆቹ ሞተውበት ገና የሃያ ዓመት ያህል ልጅ ሳለ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ወንጌል ሲነበብ ደረሰ፤ «ፍጹም ልትሆን ብትወድ ሂድና ያለህን ሸጠህ ለድኆች ስጥ» የሚለው ቃል ለሌላ ሰው የተነገረ ሳይመስለው፣ ወጥቶ ሦስት መቶ አሩራ (የግብፅ የመሬት መለኪያ ነው) ለም መሬቱን ለመንደሩ ሰዎች ሰጠ፤ ታናሽ እኅቱንም ለታመኑ ደናግል አደራ አላት፤ ያችን ልጅ ማንም ፈቃዷን እንዳልጠየቃት ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ወደ እርሷ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ሃያ ዓመት በፈራረሰ ምሽግ ውስጥ ያሳለፈው ትጋት ነው። ሆኖም በ311 እ.ኤ.አ. በእስክንድርያ ክርስቲያኖች ሲሳደዱ በረሃውን ትቶ ወርዶ፣ በእስር ቤትና በማዕድን ማውጫ ያሉትን ሲያገለግል ነበር። የነቃ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከዚህ ይታያል። የእንጦንስን ገድል የጻፈው አትናቴዎስ፣ ከሳቴ ብርሃን ሰላማ ብለን የምንጠራውን አባታችንን ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ ሾሞ ወደ አክሱም የላከልን ያው አትናቴዎስ ነው። አውግስጢኖስን የቀሰቀሰው እጅና ለእኛ ብርሃን የላከው እጅ አንድ መሆኑን ያወቅሁ ዕለት፣ ሥራዬን አቁሜ ለብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀምጬ ነበር።

ይህን ሁሉ የሚጽፍልሽ አባትሽ ግን ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም፤ ይህንም እስከ ዛሬ በሙሉ አልነገርሁሽም። በወጣትነቴ፣ አብዮቱ በፈነዳባቸው ዓመታት፣ በውይይት ክበብ ሃይማኖት የሕዝብ ማደንዘዣ ነው ተብሎ ስንማር ከልቤ አምኜ ተቀብዬ ነበር። ደሴ አስተማሪ ሆኜ ከአያትሽ ጋር ስኖር፣ ስትጸልይ እያየሁ እስቅባት ነበር። አያትሽ ፊደል አልቆጠረችም፤ ማታ ማታ መጽሐፍ የሚያነብብላት አያትሽ ወንዱ ከሞተ በኋላ፣ እኔን አንብብልኝ ብላ ለመነችኝ፤ እኔም ለእናት እንቢ ማለት ነውር ስለሆነ ብቻ፣ ሳላምንበት፣ እንደ ደመወዝ ሥራ አነብብላት ጀመር። ለወራት እንዲሁ ሆነ። 1977 ዓ.ም. ነው፤ ከሰሜን ወሎ ረኃብ ያፈናቀላቸው ወገኖች ወደ ከተማው ይመጡ ነበር፤ ከደጃችን አጠገብ ባለው ግንብ ሥር አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር ካረፈች ሦስት ቀን ሆኗት፣ እኔም ጠዋትና ማታ አልፌያት እሄድ ነበር። በዚያ ምሽት ያነበብሁት የማቴዎስ 25ኛው ምዕራፍ ነው። «ተርቤ አላበላችሁኝምና» ከሚለው ስደርስ ድምፄ አልወጣ አለ። አያትሽ በጨለማው ውስጥ፣ «ምነው ዝም አልህ? አንብብ እንጂ ልጄ» አለችኝ። ያን ጊዜ አውግስጢኖስ የሚባል ሰው መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። መጽሐፉን ዘግቼ፣ እራቴ የነበረውን እንጀራ አንሥቼ ወጣሁ። ከሁለቱ ልጆች አንዱ፣ ትንሹ፣ በማግሥቱ ሞተ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ከትምህርት ሰዓት ውጭ በመጠለያው ውኃ ስቀዳ ኖርሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ግን ሌላ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ስለዚህ ነው በአንድ ሌሊት ስለሚፈጸም መንቃት ሲወራ የምጠነቀቀው፤ እኔ በሦስት ቀን የዘገየሁ ሰው ነኝ፤ ያችን እናትም እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

አንድ መጽሐፍ ብቻ ጨምሬ ልተው። የቅርጣግናዋ ፐርፔቱዋ በ203 እ.ኤ.አ. ለአራዊት ስትሰጥ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ነበረች፤ በእስር ቤት ሳለች በገዛ እጇ ማስታወሻ ጽፋለች፤ ከክርስቲያን ሴቶች እጅ ከደረሱን ጽሑፎች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አባቷ ሃይማኖቷን እንድትተው ሲለምናት፣ በአጠገባቸው የነበረውን እንስራ እያሳየች፣ ይህን ዕቃ ከስሙ በቀር በሌላ ልትጠራው ትችላለህን? እኔም ከሆንሁት ከክርስቲያንነት በቀር ሌላ ልባል አልችልም አለችው። ወጣት ሳለሁ ይህን ሳነብብ ከእርሷ ጋር ነበርሁ፤ አሁን ግን የማነብበው ከአባቷ ጋር ሆኜ ነው። ሽበቴን እዘኝለት ብሎ ይለምናታል፤ እጇን ይስማል፤ ከእግሯ ሥር ወድቆ ልጄ ማለት ትቶ እመቤቴ ይላታል፤ በፍርድ አደባባይ ሕፃኑን ይዞ ሲማጸናት ገዢው በበትር ያስመታዋል፤ እርሷም ራሷ የተመታች ያህል ስለ እርጅናው እንዳዘነች ጽፋለች። ያ ሽማግሌ ሌላ ጥፋት የለበትም፤ ልጁ የት እንደደረሰች ሊገባው አልቻለም። ባለፈው እሑድ ስልኩን ስዘጋብሽ እኔም እንደ እርሱ የነበርሁ ይመስለኛል፤ ከፍርሃት የተነሣ። አንቺ ግን በመጽሐፉ ውስጥ እንደዚያ ሽማግሌ ያለ አባት ስታገኚ፣ ፐርፔቱዋ እንዳዘነችለት እንድታዝኚለት እለምንሻለሁ።

አሁን ለንባብሽ የሚሆን ጥቂት ነገር። ጣልያንኛው ከእኔ ይልቅ ላንቺ ቅርብ ስለሆነ፣ የአውግስጢኖስን ኑዛዜና የፐርፔቱዋን ማስታወሻ በዚያ ቋንቋ አግኝተሽ አንብቢ፤ ስለ እነርሱ የተጻፉትን መጻሕፍት ከእነርሱ በኋላ አድርጊያቸው። በቀን ከአንድ ገጽ አትለፊ፤ በቤትሽም ብቻሽን ስትሆኚ ድምፅሽን አውጥተሽ ለጆሮሽ አሰሚው። የሚቻልሽ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ፈልጊ፤ በፖርታ ቬኔዚያ አካባቢ ከምታገኚያቸው ወገኖቻችን መካከል አብራሽ የምታነብብ እኅት አትጠፋም። ከግዕዙ መጻሕፍተ መነኮሳት ደግሞ ማር ይስሐቅን አንድ ቀን አብረን እናነብበዋለን፤ እርሱ ግን በስልክ የሚሆን አይደለም፤ ስትመጪ ይሁን።

በዓሉን አክብሮ ወደ ሚላን የሚመለስ ዘመድ ስላገኘን፣ እናትሽ ሽሮና በርበሬ፣ የጾመ ነቢያት ጊዜ ስለደረሰም ምስርና ሽምብራ ልካልሻለች። ከዕቃው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ ደብተር ታገኛለሽ፤ ከሄርማ መጽሐፍ ከግዕዙ ወደ አማርኛ እየመለስሁ በእጄ የጻፍሁልሽ ነው። ገና የሁለተኛውን ራእይ መጨረሻ ነው የደረስሁት፤ ዓይኔ ስለሚደክም በቀን ከአምስት መስመር በላይ አልጽፍም፤ የቀረውን በየጊዜው ሰው ሲገኝ እልክልሻለሁ።

ከታላቁ ካቴድራል ሥር ስምንት ማዕዘን የሆነው የጥንቱ መጠመቂያ ፍርስራሽ ዛሬም ይታያል ይላሉ፤ አውግስጢኖስ በዚያ ሌሊት የወረደበት እርሱ ነው። ሥራ በማትገቢበት ቀን ወርደሽ፣ ሮሜ 13ን ከቁጥር 11 ጀምረሽ በአማርኛ፣ ሰው ቢሰማሽም ሳታፍሪ፣ አንብቢልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስልኩን በእጄ ይዤ እጠብቅሻለሁ፤ ያነበብሽውን፣ የጠረጠርሽውን፣ የተቃወምሽውንም ሁሉ እስክትጨርሺ እሰማሻለሁ።

አባትሽ